ለዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሲመረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በስሙ ወይም በዋጋው ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ተማሪው የሚተነትነው ምን ዓይነት ዳታ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ማሽኖችስ ይችሉታል ወይ የሚለው ነው።

«ኤስፒኤስኤስ ከተገዛ ሁሉም ነገር ተሟልቷል»

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በሞጁል (ለየብቻ በሚገዙ ክፍሎች) ተከፋፍሎ ይሸጣል። የ2016ቱን (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ እንውሰድ። ናሙናው በክልል፣ በከተማና በገጠር ተከፍሎ በቆጠራ ቦታዎች የተመረጠ ነው። መሠረታዊው ኤስፒኤስኤስ ክብደቱን (እያንዳንዱ መልስ ሰጪ በስሌቱ ውስጥ ያለውን ድርሻ የሚወስነውን ቁጥር) እንደ ተጠያቂ ሰው ብዛት ይቆጥረዋል። መቶኛው ልክ ይወጣል፤ ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ ምን ያህል ሊዛባ እንደሚችል የሚለካው ቁጥር) ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው ያንሳል፣ ልዩነት በሌለበትም «ልዩነት አለ» ይላል። ለዚህ የተሠራው «ኮምፕሌክስ ሳምፕልስ» የተባለው ሞጁል ስለሆነ ውል ከመፈረሙ በፊት መካተቱን ማረጋገጥ ይገባል። ስታታ የተባለው ሌላ ሶፍትዌር ይህን አብሮት ይዞ ይመጣል፤ አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ «ሰርቬይ» የተባለው ፓኬጅ (በላዩ የሚጫን ተጨማሪ ክፍል) ይሠራዋል። የትኛውም ቢሆን ሦስት ነገር ሊነገረው ይገባል፦ ክብደቱ (በዳታው ቪ005 የተባለው ተለዋዋጭ ለ1,000,000 ተካፍሎ)፣ ክላስተሩ (የቆጠራ ቦታው፣ ቪ021) እና ስትራተሙ (ናሙናው የተከፈለበት ክልልና ከተማ ወይም ገጠር)።

«ነፃ ሶፍትዌር አይታመንም»

አር የተጀመረው በኒው ዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን ነው። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ስሌቱን ማንም መመርመር ይችላል።

«ነፃ ከሆነ ደግሞ ምንም አያስወጣም»

ገንዘብ ባያስወጣም ጊዜና ኢንተርኔት ይፈልጋል። 40 ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ፓኬጅ ማውረድ ሲጀምሩ መስመሩ ይጨናነቃል፣ ትምህርቱም ይቆማል። የሚሻለው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ፓኬጆቹን ከሚደገፉባቸው ሌሎች ፓኬጆች ጋር መጫን፣ በናሙና ዳታ መሞከር፣ ከዚያም የፓኬጁን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌሎቹ መቅዳት ነው። የአር ቨርዥኑ በሁሉም ላይ አንድ መሆን አለበት፤ 4.2 ላይ የተጫነ ፓኬጅ 4.3 ላይ ላይከፈት ይችላል። ክፍሉ አሮጌ ማሽን ካለው ደግሞ ከ4.2 ጀምሮ አር ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ እንደማይሠራ መታወቅ አለበት።

«ዳታው ሃርድ ዲስኩ ላይ ከገባ ይበቃል»

አርና ስታታ ዳታውን በሙሉ ራም ላይ ይጭናሉ። 1,000,000 ረድፍና 100 ተለዋዋጭ፣ እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ሲይዝ፣ 800 ሜጋባይት ይሆናል። አር ሲሠራ ቅጂ ስለሚፈጥር ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈልጋል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ከዊንዶውስ ጋር ተጋርቶ ይንቀራፈፋል፤ 8 ቢሆን ይመረጣል። ሳስ የተባለው ሶፍትዌር ግን በአብዛኛው ከዲስክ እያነበበ ስለሚሠራ ለትልልቅ ፋይሎች ይመቻል።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ»

ስታታ የጎደለን መረጃ ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ ይቆጥረዋል። «ዕድሜ ከ60 በላይ» ተብሎ ሲታዘዝ ዕድሜያቸው ያልተመዘገበውንም አብሮ ያስገባል። የቡድኖቹ መጠን እኩል ባልሆነበት፣ ከአንድ በላይ ፋክተር (ቡድን የሚለይ ተለዋዋጭ) ባለው አኖቫ (የቡድኖችን አማካይ በሚያነጻጽረው ስሌት) ደግሞ አር በተለመደው ትእዛዙ «ዓይነት 1» የተባለውን የስሌት መንገድ፣ ኤስፒኤስኤስ «ዓይነት 3» የተባለውን ስለሚጠቀሙ ቁጥሮቹ ይለያያሉ። ስለዚህ ተማሪው በጽሑፉ ውስጥ የሶፍትዌሩን ስም ብቻ ሳይሆን ቨርዥኑንና የመረጠውን ዓይነት ይጻፍ።