የትልቁ አንጀትና የጉበት ዕጢ ቀዶ ሕክምና በካሜራ

ላፓሮስኮፒ ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር በሚሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ካሜራና ረጃጅም መሣሪያ አስገብቶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው። ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የሚያንሰው ቁስሉ እንጂ ሥራው አይደለም።

በትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ዕጢው ያለበት ክፍል ከወዲያና ከወዲህ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ አንጀት ታክሎበት፣ ደም የሚያደርሰው ሥር ከመነሻው ታስሮ፣ ከሊምፍ ኖዶቹ (ከንፍፊቶቹ) ጋር ይወጣል። ፓቶሎጂ (የተቆረጠውን አካል በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ክፍል) ቢያንስ 12 ሊምፍ ኖድ መመርመር አለበት፤ ካነሰ የካንሰሩን ደረጃ ማመን ያስቸግራል። ትንሽ ዕጢ ከአንጀቱ ውጪ አይታይም፣ በካሜራ ሲሠራ ደግሞ የሐኪሙ ጣት አይዳስሰውም። ስለዚህ አስቀድሞ በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ) ቦታው ላይ ቀለም ይወጋል፤ ይህ ከተዘለለ ጤነኛውን ክፍል ቆርጦ ዕጢውን መተው ይመጣል። የተቆረጠው በፕላስቲክ በተሸፈነ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ይወጣል፤ ሽፋኑ የካንሰር ሕዋስ ቁስሉን እንዳይነካ ይከላከላል።

የጉበት ቀዶ ሕክምና ዋናው ጭንቅ መድማት ነው። ስለዚህ ጉበቱ ሲቆረጥ ወደ እሱ የሚገቡት ደም ሥሮች እየተፈራረቀ 15 ደቂቃ ይዘጋሉ፣ 5 ደቂቃ ይለቀቃሉ። የማደንዘዣ ባለሙያው ፈሳሽ ቆጥቦ የደም መልሱን (ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ሥር) ግፊት ከ5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ያቆየዋል። ይህ መድማቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተቀደደ ደም መልስ ጋዙን ወደ ልብ ሊስብ ይችላል። ጤነኛ ጉበት ሩብ ያህሉ ቢቀር ይበቃዋል፤ ለረጅም ጊዜ ኬሞቴራፒ (የካንሰር መድኃኒት) የወሰደ 30 በመቶ፣ ሲሮሲስ (የጉበት መጠጠር) ያለበት 40 በመቶ ያስፈልገዋል። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን የተለመደ ስለሆነ ሲሮሲስ አስቀድሞ ይፈተሻል። ከፊት ጠርዝ ያለ ዕጢ ይቀላል፤ ከኋላና ከላይ፣ ወይም ከትልልቅ ደም ሥሮች የተጠጋው ይከብዳል። እዚያ ላይ ሆድ መክፈት ሽንፈት ሳይሆን ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

ካሜራው፣ መብራቱና የጋዝ መንፊያው በኤሌክትሪክ ይሠራሉ። የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ታካሚ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ካሜራው ብቻ አይደለም፤ ተጠባባቂ ጄነሬተር፣ የተዘጋጀ ደም፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና ፓቶሎጂ መኖራቸውንም ነው።

ምግብ ከማደንዘዣው 6 ሰዓት፣ ውሃና ወተት የሌለው ሻይ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ አጥሚት ከምግብ ይቆጠራል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጋዙ ለጥቂት ቀናት ትከሻ ያሳምማል፤ ይህ አያሰጋም። የሚያሰጋው የአንጀቱ ስፌት ማፍሰስ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ መነፋትና እየባሰ የሚሄድ ሕመም ያሳያል። ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም የመጣ ታካሚ ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ወዲያው ከመመለስ፣ እነዚህ ቀናት እስኪያልፉ ደሴ ዘመድ ዘንድ ቢሰነብት ይሻላል።