በቤት ጋራዥ የሚኖሩ የእንግሊዝ አሮጌ መኪናዎች፦ የኤምጂቢ ጥገናና እድሳት

ኤምጂቢ ኦክስፎርድ አጠገብ ባለችው አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 የተመረተች ትንሽ የስፖርት መኪና ነች (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አብዛኞቹ በመርከብ ተጭነው አሜሪካ ገብተዋል። ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ፤ መኪናዋ ግን እስካሁን በእንግሊዝ መንገድ ላይ አለች። እዚህ ያደረሷትም በአብዛኛው ቅዳሜና እሁድ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ባለቤቶቿ ናቸው።

አሮጌ መኪናን ቤት ውስጥ መጠገን በብሪታንያ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ኤምጂቢን ለምሳሌ የመረጥኩት ጀማሪም የተካነም ስለሚሠራባት ነው። ሞተሯ 1798 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ከብረት የተሠራ ጠንካራ ሞተር ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱት ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እጅ የሚገባበት ቦታም አለ። ካንዴላ ለመቀየር አሥር ነገር መፍታት የለም። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለባትም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ሞተሩን ነው። እኔ ግን ሞተሩ ቀላሉ ክፍል ነው ባይ ነኝ። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ፣ የቫልቮቹ ክፍተት ከተስተካከለ (0.38 ሚሊሜትር አካባቢ)፣ ራዲያተሩ ካልተደፈነ፣ ለብዙ ዓመት ሳያስቸግር ይሠራል። ዘይቱ 20ደብልዩ-50 የሚባለው ወፈር ያለ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ለዘመናዊ መኪና የተሠራው ቀጭን ዘይት ለዚህ ሞተር አይሆንም። የፊት እግሯ ላይ ደግሞ ግራሶ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። እነሱን የዘነጋ ሰው ከጊዜ በኋላ መሪው ሲከብደውና የፊት እግሩ ሲበላ ያያል።

ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅለው ለሞተሩ የሚሰጡት ካርቡራተሮች ሁለት ናቸው፤ ኤስዩ የተባለው ኩባንያ ሥራዎች። ብዙ ሰው ስማቸውን ሲሰማ ይሸሻል፤ አሠራራቸው ግን ቀላልና ውብ ነው። እያንዳንዱ ውስጥ በአየር ግፊት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ፒስተን አለ። ከፒስተኑ ሥር ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ መርፌ ተያይዟል። ፒስተኑ ሲነሳ መርፌው ይነሳል፣ ቤንዚንም በልኩ ይጨመራል። ከላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ጥቂት ዘይት መኖር አለበት። ዘይቱ ካለቀ መኪናዋ ቤንዚን ስትሰጧት ታመነታለች።

ሁለቱን እኩል ማድረግ ነው ትልቁ ጥበብ። የድሮ ሰዎች ለዚህ መሣሪያ አይገዙም። ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን የካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርገው የአየሩን ፉጨት ያዳምጣሉ። የሁለቱ ድምፅ አንድ እስኪሆን ብሎኑን እያዞሩ ያስተካክላሉ። ከዚያ ፒስተኑን በትንሹ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ፣ ከፍ ያደርጉታል። ሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚኑ በዝቷል። ሊጠፋ ካቃሰተ አንሷል። ለአፍታ ከፍ ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። ይህን አንዴ የለመደ ጆሮ አይረሳውም።

ኤሌክትሪኩ የሉካስ ኩባንያ ነው፤ ስሙ በክፉ የተነሳ። እንደኔ ግን ጥፋቱ ሁሉ የሉካስ አይደለም። አብዛኛው ችግር ሽቦው ወይም ዕቃው አይደለም፤ መገናኛዎቹ ናቸው። ሽቦዎቹ የሚያያዙት ጥይት በሚመስሉ ትንንሽ ጫፎች ነው። ከሃምሳ ዓመት እርጥበት በኋላ እነዚህ ይዝጋሉ፣ ኔጋቲቩም ከቦዲው ጋር በደንብ አይገናኝም። መብራት ሲደበዝዝ አዲስ አምፖል ከመግዛት በፊት መገናኛውን ፈቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይቀድማል። ሽቦዎቹም በቀለም ይለያሉ፦ ቡናማው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ፣ ነጩ ቁልፉ ሲዞር የሚነሳ፣ አረንጓዴው በፊውዝ የሚያልፍ፣ ጥቁሩ ከቦዲው ጋር የሚታሰር። ይህን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከ1967 በፊት የተሠሩት ኤምጂቢዎች ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቫቸው ነው። ይህን ሳያውቅ ዘመናዊ ሬዲዮ የሚገጥም ሰው ሬዲዮውን ያቃጥላል። ሁለተኛው፣ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ ነው። እሱ ከተበጠሰ ሞተሩን የሚያስነሳው የሞተሪኖ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ቤንዚን የሚያበዛውን) ወይም የቤንዚን ፔዳሉን ገመድ ነው። ገመዱ ይግላል፣ ይጨሳል። ባለቤቱ ቾክ ቀይሮ ቀይሮ ሲሰለቸው፣ መፍትሔው አንድ ርካሽ ሽቦ ሆኖ ይገኛል።

ዝገት

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። እንግሊዝ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨውና ውሃ ደግሞ ላሜራ ይበላሉ። ኤምጂቢ ሻንሲ (ከቦዲው ሥር ለብቻው የሚሆን የብረት አጽም) የላትም፤ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። በተለይ ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘልቀው የብረት ሳጥን የመኪናዋ ወገብ ነው። ሦስት የላሜራ ንብርብር አለው፦ ውጭ፣ መሐልና ውስጥ። ከውጭ የምናየው ያማረ ቀለም ስለሌሎቹ ሁለቱ ምንም አይነግረንም።

ስለዚህ አሮጌ ኤምጂቢ ለመግዛት የሄደ ሰው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ይንበርከክ። ከፊት ጎማ ኋላ ያለውን የፓራፋንጎ ታችኛ ጫፍ፣ የክሪክ ማስገቢያውን፣ የወለሉን ዳር ይመልከት። ማግኔት ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው። ማግኔት ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ የበሰበሰ ቦታ የሚሞላበት ስቱኮ ላይ ግን አይጣበቅም። በሩን ከፍቶ ሲዘጋው ከታች ወይም ከኋላ የሚፋተግ ከሆነ ወገቡ ጎብጧል ማለት ነው።

የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ መበየድ ይቻላል። ቤት ውስጥ በሚግ መበየጃ የሚሠሩ ብዙዎች አሉ፤ ብየዳውን በማታ ትምህርት የተማሩም አሉ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ቀልድ አያውቅም። መኪናዋ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ጠንካራ ድጋፍ ላይ ትቀመጣለች። የበሩ ክፍት ቦታ በብረት ዘንግ ተወጥሮ ይበየዳል፤ ቦዲው ሲቆረጥ እንዳይታጠፍ። አንድ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ በሩ ተገጥሞ ክፍተቱ ይታያል። ይህን የዘለለ ሰው ሥራውን ጨርሶ ቀለም ቀብቶ በሩ እምቢ ሲለው ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ መመለሻ የለውም። ብየዳው ካለቀ በኋላ ባዶው ሳጥን ውስጥ ፈሳሽ ሰም በቱቦ ይረጫል። ሰሙ ካልገባ አዲሱም ላሜራ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ እንደ አሮጌው ይሆናል።

ቦዲው ጨርሶ ላለቀበት ሰው ሌላ በር አለ። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባለው ድርጅት የፋብሪካውን ዋና መሥሪያ ቅርጾች አሰባስቦ በ1988 አዲስ የኤምጂቢ ቦዲ መሥራት ጀመረ። ፋብሪካው ከተዘጋ ከስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው! ባለቤቱ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ወንበሩን ከአሮጌው ነቅሎ ወደ አዲሱ ያዛውራል። ያኔ የኤምጂ ባለቤት የነበረው ሮቨር ኩባንያም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ቦዲ ላይ ተመሥርቶ ኤምጂ አርቪ8 የተባለችውን አወጣ፤ አብዛኞቹ ጃፓን ተሸጡ። ሌላው መንገድ ከካሊፎርኒያና ከመሰሉት ደረቅ አገሮች መኪና መልሶ ማስመጣት ነው። እዚያ ፀሐይ ወንበሩንና ዳሽቦርዱን ትሰነጥቃለች፤ ላሜራው ግን ይተርፋል። ወንበር ማልበስ ወገብ ከመበየድ እጅግ ይቀላል።

ዕቃና ዕውቀት ከየት ይመጣል

የዕቃ ጉዳይ የሚያስገርም ነው። ለኤምጂቢ ከፍሬን ሸራ እስከ ትንሿ ጓርኒሲዮን ድረስ ዛሬም አዲስ ይሠራል። አንዳንዱ ጥራቱ ደካማ ስለሆነ የቆዩ ባለቤቶች ሲመክሩ፣ የሚሠራ የድሮ ዕቃ ካላችሁ አትጣሉት፣ አድሱት ይላሉ። እስማማለሁ። የኤምጂ ካር ክለብ ከ1930፣ የኤምጂ ኦውነርስ ክለብ ከ1973 ጀምሮ አሉ፤ አባላቱ ዕቃና ምክር ይለዋወጣሉ። በደቡብ እንግሊዝ ቢውሊ በሚባል ቦታ ከ1967 ጀምሮ ትልቅ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። የአዲስ አበባ ሰው ሶማሌ ተራን ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ቢያስበው ይቀርበዋል።

ዕውቀቱን ለተራው ሰው ካደረሱት አንዱ ጆን ሄይንስ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ ሆኖ ከባሕር ማዶ ኤደን ተመድቦ ነበር። እዚያ የባልደረባውን ኦስቲን-ሂሊ ስፕራይት የተባለች መኪና ፈታትተው ሲገጥሙ እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶ ያዘ። ከዚያ የተወለደው የጥገና መመሪያ በ1966 ታተመ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓይነት መኪና ተከታትሎ ወጣ። በዘይት የተጨማለቀ የሄይንስ መመሪያ የሌለበት የእንግሊዝ ጋራዥ ማግኘት ይከብዳል።

ሌሎቹ የእንግሊዝ አሮጌ መኪናዎች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሚኒ የተባለችው ትንሽ መኪና ካምቢዮዋ ከሞተሩ ሥር ስለሆነ ሁለቱ አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ ዘይት መቀየርን ማዘግየት እዚህ ሁለት እጥፍ ያስከፍላል። የሞሪስ ማይነር ትራቭለር የኋላ ክፍል እውነተኛ እንጨት ነው፤ ለጌጥ ሳይሆን ለድጋፍ የገባ ስለሆነ ከበሰበሰ መኪናዋ ለመንገድ አትበቃም። በአገራችን የገጠር መንገድ ለብዙ ዓመታት የተመላለሰው ላንድሮቨር በ1948 ሲወጣ ብረት በራሽን ስለነበር ቦዲው አሉሚኒየም ሆነ። ሻንሲው ግን ብረት ነው። ቦዲው እያብረቀረቀ ሻንሲው ከሥር ያለቀ ላንድሮቨር ብዙ ነው።

ሕይወት የሚነኩ ነገሮች

በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አልተሠራም። የብረት ድጋፍ ሁልጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ሥራም ቢሆን። የድሮ ፍሬን ሸራ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አትንፉት፤ አርጥባችሁ ጥረጉት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ነዳጁም ተለውጧል። ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) ያለበት ቤንዚን በብሪታንያ ከ1999 መጨረሻ ጀምሮ ከማደያ ወጣ። ያ ሊድ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን መቀመጫ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት የተለመደ ሆኗል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የሚባል አልኮል አለው። ኢታኖል የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ ከጋለ ሞተር በላይ ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልግም። ቱቦዎቹን ሁሉ ኢታኖል በሚችል ዓይነት መቀየር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

ከግንቦት 2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውና በመሠረቱ ያልተለወጡ መኪናዎች ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ናቸው። መኪናዋ ለመንገድ ብቁ የመሆኗ ኃላፊነት ግን የባለቤቱ ነው። ሕጉ ባያስገድድም ምርመራውን በፈቃድ ማስደረግ ይቻላል፤ እኔም አጥብቄ እመክራለሁ። ቤቱ ውስጥ ራሱ ለበየደ ሰው የሌላ ዓይን ያስፈልገዋል። ምርመራውም አሮጌ መኪና የሚያውቅ ሰው ጋ ቢሆን ይሻላል። መኪናዋ ሊፍት ላይ ስትወጣ አብራችሁ ሥሯ ቁሙ፤ የትኛው ቦታ መላላት እንደጀመረ፣ ከመጪው ክረምት በፊት ምን እንደሚቀድም ጠይቁት።