አምኖን «ወደድኋት» ሲል

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን «ፌታል አትራክሽን» የተባለ የአሜሪካ ፊልም የምታውቁት ትኖራላችሁ። አንድ ባለትዳር የኒው ዮርክ ጠበቃ ሚስቱና ልጁ በሌሉበት ቅዳሜና እሑድ ከሌላ ሴት ጋር ይተኛል። ለእሱ ነገሩ እዚያው አለቀ። እሷ ግን ትደውላለች፣ ቢሮው ትመጣለች፣ ቁጥሩን ቢቀይር ቤቱ ድረስ ትከተለዋለች፤ የልጁን ጥንቸል እንኳ ድስት ውስጥ ቀቅላ ትታላቸው ትሄዳለች። እዩት ማለቴ አይደለም፣ ዝሙቱም ደሙም ብዙ ነው።

ያነሣሁት ስለ አጨራረሱ ነው። መጀመሪያ በተቀረጸው ሴትዮዋ ራሷን ታጠፋለች። ለሙከራ የታየላቸው ተመልካቾች ግን ስትቀጣ ማየት ፈለጉ፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ቢላ ይዛ ቤታቸው ስትገባ ሚስቲቱ በጥይት የምትገድልበት ሌላ መጨረሻ ተቀረጸ። ሴትዮዋን ሆና የተወነችው ግሌን ክሎዝ ለውጡን ተቃውማ ነበር። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። አዲሱ አጨራረስ የሰውየውን ኃጢአት ከሟቿ ጋር ቀበረለት፤ እኛንም አደገኛ ሰው የሚታወቀው ቢላ ሲይዝ ብቻ እንደሆነ አስለመደን።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን በ2ኛ ሳሙኤል 13 ሌላ ዓይነት ሰው ያሳየናል። አምኖን እኅቱን ትዕማርን «ወደድኋት» ብሎ ታመመ፣ ከሳ። ቢላ አልያዘም፤ የንጉሥ ልጅ ነው፣ የሚያየው ሁሉ ያዝንለታል። የአጎቱ ልጅ ኢዮናዳብ አዝኖለት ተንኮሉን አስተማረው። አባቱ ዳዊት አዝኖለት ትዕማርን ላከለት። እሷም አዝናለት በፊቱ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ ጋገረችለት። ወጥመዱ የተሠራው ከዚህ ሁሉ ርኅራኄ ነው።

ከዚያ ያዛት። «አይሆንም፣ ወንድሜ ሆይ» አለችው፤ ነውሬን ወዴት እሸከማለሁ ብላ ለመነችው። አልሰማትም። ካዋረዳት በኋላ ጥላቻው ከቀድሞው «ፍቅሩ» በለጠ። የታመመላትን ልጅ ሎሌ ጠርቶ አስወጣት፣ በሩንም በኋላዋ አስቆለፈ። ፍቅር ቢሆን ኖሮ በአንዲት ሰዓት ወደ ጥላቻ እንዴት ይገለበጣል? ሐዋርያው ስለ ፍቅር «የራሱንም አይፈልግም» ያለውን አስቡ። አምኖን ከመጀመሪያው የፈለገው የራሱን ነበር፤ ሕመሙ እውነተኛ ቢሆንም።

ጌታችንን ተመልከቱ። ማርቆስ 10 ላይ ያን ባለጸጋ አይቶ «ወደደው» ይላል። ሰውየው አዝኖ ሲሄድ ግን ሮጦ አልያዘውም። ሌጌዎን የተባለው የአጋንንት ጭፍራ የወጣለትን ሰው አገር ሰዎችም ከእኛ ሂድ ሲሉት ታንኳ ገብቶ ተመለሰ፤ ሁሉን የሚችል አምላክ «ሂድ» ሲባል ሄደ!

እኛስ? እንቢ ባለች ልጅ ቤት ሽማግሌ ደጋግመን እንልካለን። ስልኳን ስትዘጋበት በጓደኛው ስልክ የሚደውለውን «ወይ ፍቅር!» ብለን እናደንቃለን። መስተፋቅር ፍለጋ ጠንቋይ ቤት የሚሄድ አለ፤ ያ ማለት የልጅቱን ፈቃድ በጓሮ ዞሮ መስረቅ ነው። እሷን እንዲሰጠው ታቦት ፊት የሚሳል ደግሞ አለ፣ እግዚአብሔርን ኢዮናዳብ ሊያደርገው። ሴቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ የጲጥፋራ ሚስት ዮሴፍን በየቀኑ ትነዘንዘው ነበር፣ አልሆንላት ሲል በሐሰት ከሰሰችው።

በዚህ የተያዝህ ወንድሜ፣ የተያዝሽ እኅቴ፣ ነገሩን ለንስሐ አባት «ፍቅር ያዘኝ» ብላችሁ ሳይሆን የምታደርጉትን በዝርዝር ተናገሩ። ቁጥሩ ይጥፋ፣ መከታተሉ ዛሬ ይቁም። እንቅልፍና ምግብ ከነሣችሁ ወደ አእምሮ ሐኪም ሂዱ፤ ጸበልና ሕክምና አይጣሉም።

በዙሪያቸው ላለን ደግሞ የሚከብደኝ ክፍል ይኸው ነው። የትዕማር የእናትና የአባቷ ልጅ አቤሴሎም ስለ አምኖን «ዝም በይ፣ ወንድምሽ ነው» አላት። ዳዊት እጅግ ተቈጣ፣ ነገር ግን ምንም አላደረገም። ትዕማር ብቻዋን በወንድሟ በአቤሴሎም ቤት ቀረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አቤሴሎም በበግ ሸላቾች ግብዣ ላይ የአምኖንን ደም አስፈሰሰ። ስለዚህ አንዲት ልጅ መጥታ «እገሌ ይከታተለኛል፣ ፈራሁ» ካለቻችሁ፣ «ስለሚወድሽ ነው» አትበሏት። ቤቷ አድርሷት፤ የላከላትን መልእክት እንዳታጠፋ ንገሯት፤ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ አብራችኋት ሂዱ።