የተከራይ ኢንሹራንስ ምንድን ነው?

ከእናንተ በላይ ባለው ፎቅ ሌሊት ቧንቧ ፈነዳ እንበል። ውሃው ኮርኒሱን አርሶ ሶፋችሁ፣ አልጋችሁና ጠረጴዛ ላይ የተዋችሁት ላፕቶፕ ላይ ወረደ። የአከራዩ ኢንሹራንስ ኮርኒሱን፣ ግድግዳውንና ወለሉን ያሳድሳል፤ ሶፋችሁን ግን አያውቀውም። ብዙ ተከራይ «ቤቱ ኢንሹራንስ አለው» ሲባል የራሱም ዕቃ አብሮ የተሸፈነ ይመስለዋል። አልተሸፈነም። የተከራይ ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚሸፍነው ዕቃን ነው፦ ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ኤሌክትሮኒክስ። ነገር ግን በማንኛውም ምክንያት የጠፋ ወይም የተበላሸ ሁሉ አይተካም። አብዛኛው የኢንሹራንስ ውል አደጋዎቹን በስም ይዘረዝራል፤ እሳት፣ ጭስ፣ መብረቅ፣ ስርቆት፣ በድንገት የፈነዳ ቧንቧ የመሳሰሉትን። በአሜሪካ የተለመደው የተከራይ ኢንሹራንስ ውል 16 አደጋዎችን ይጠቅሳል። ከዝርዝሩ ውጭ በሆነ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት ካሳ የለም። ደስ የሚለው፣ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ዕቃው በሄደበት ይከተለዋል፤ ከመኪና ውስጥ ወይም ከሆቴል ክፍል የተሰረቀ ሻንጣም ሊካስ ይችላል። መኪናው ራሱ ግን የመኪና ኢንሹራንስ ጉዳይ ነው።

ቤቱ በእሳት ወይም በሌላ የተሸፈነ አደጋ ለመኖር የማይሆን ከሆነ ደግሞ የጊዜያዊ ማረፊያ ወጪ ይከፈላል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው የሚከፈለው ጭማሪው ብቻ መሆኑን ሲረሳ ነው። በቀን ለምግብ 10 የምታወጡ ከነበረና ማብሰያ በሌለው ሆቴል 25 ካወጣችሁ፣ የምትጠይቁት 15ቱን ነው።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ግን የኃላፊነት ሽፋኑ ነው። «ምን ንብረት አለኝና ኢንሹራንስ እገባለሁ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ሽፋን የሚመለከተው ያለንን ሳይሆን በእኛ ጥፋት ሌላው ላይ የሚደርሰውን ነው። ሳይነቀል የተረሳ ካውያ የጎረቤትን ክፍል ቢያቃጥል፣ ወይም እንግዳ እርጥብ ወለል ላይ ተንሸራቶ እግሩ ቢሰበር፣ ካሳውንም የጠበቃውንም ወጪ እስከ ውሉ ጣሪያ (ውሉ እስከሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን) ድረስ መድን ሰጪው ይሸከማል። በብዙ ቦታ የአከራዩ ኢንሹራንስ ራሱ ለአከራዩ ከከፈለ በኋላ ዞሮ ጥፋተኛውን ተከራይ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ፍራሽና አንድ ጠረጴዛ ብቻ ያለው ሰውም ከዚህ አያመልጥም።

ውሉን ስታነቡ የካሳ አሰላሉን ፈልጉ። አንዳንዱ ውል የዕቃውን የዛሬ ዋጋ ይከፍላል፤ የአምስት ዓመት ላፕቶፕ ቢቃጠል የእርጅናው ተቀንሶ የሚደርሳችሁ አዲስ አይገዛም። ሌላው በአዲስ የመተኪያ ዋጋ ይከፍላል፤ አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ክፍያ፣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከተቻለ ግን እኔ ይህን እመርጣለሁ። በሁለቱም ከካሳው ላይ በቅድሚያ በራሳችሁ የምትሸፍኑት ተቀናሽ አለ። ለጌጣጌጥና ለጥሬ ገንዘብም አነስ ያለ የተለየ ጣሪያ ይደረጋል፤ ውድ ቀለበት ያለው ሰው ለብቻው ማስመዝገብ አለበት።

የጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት በብዙ ውል ውስጥ የለም፤ ለብቻ ይገዛል። በአሜሪካ የመንግሥቱ የጎርፍ መድን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ዝናቡ መጣ ሲባል ተሯሩጦ መግዛት አይጠቅምም። ለወራት ጠብ ጠብ ሲል የቆየ ቧንቧ ያመጣው ሻጋታ፣ ትኋንና አይጥ ያበላሹት ዕቃም አብዛኛውን ጊዜ አይካስም። አብሯችሁ የሚኖር ጓደኛም ስሙ ውሉ ላይ ካልሰፈረ የእሱ ዕቃ አይሸፈንም።

ውሉን በፈረማችሁበት ቀን ስልካችሁን ይዛችሁ ክፍል ለክፍል እየዞራችሁ ቅረጹ። ቁም ሳጥኑንና መሳቢያዎቹን ከፍታችሁ፣ ቴሌቪዥኑን አዙራችሁ ከጀርባው ያለው መለያ ቁጥር እስኪነበብ ድረስ አሳዩ። ከእሳት በኋላ ምን እንደነበራችሁ ከጭንቅላት መዘርዘር በጣም ከባድ ነው። ቪዲዮውን ደግሞ እዚያው ቤት በሚያድር ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት።