ለትልልቅ እንስሳት አደን የሚበቃ ጥይት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አደን ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ጠመንጃው ላይ ያርፋል። አንዱ አያቱ ዝሆን በምንሽር መጣላቸውን ሰምቶ አድጓልና ሁሉም ጠመንጃ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ትከሻ የማያደማ ጠመንጃ ለትልቅ እንስሳ አይሆንም ብሎ ይሟገታል። እኔ በባሌ ደጋ ፈቃድ ያላቸውን አዳኞች ከሚመሩ ባለሙያዎች ጋር ለጥቂት ዓመታት ዱካ በመከተል ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ሥራ ይዤ የወጣሁት ትልቁ ነገር ጥይት ሳይበቃው ቆስሎ ስላመለጠ እንስሳ ማሰብ ነው። እንዲህ ያለው እንስሳ ለቀናት ሲሰቃይ ቆይቶ ይሞታል፤ ጎሽ ወይም አንበሳ ከሆነ ደግሞ ተከታዩን ሰው ይዞ ሊሞት ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው በሕግ ስለተፈቀደ አደን ብቻ ሲሆን፣ ደጋግሜ የሰማኋቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች በየተራ አነሳለሁ።

«ካሊበሩ ከታወቀ ጉልበቱም ይታወቃል»

ካሊበር የአፈሙዙን ውስጣዊ ስፋት ብቻ የሚናገር ቁጥር ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ የሚያልፈው አረር ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ከኋላው ያለው ቀለህ ምን ያህል ባሩድ እንደሚይዝና አረሩ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ከቁጥሩ አይታወቅም። ለዚህ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ሁላችንም የምናውቀው ክላሽንኮቭ ነው። ክላሽ የሚጎርሰው 7.62 በ39 ጥይት 8 ግራም ያህል የሚመዝን አረር በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ ይህም ከአፈሙዙ ሲወጣ 2,000 ጁል አካባቢ ጉልበት ማለት ነው። ስፋቱ ከዚህ ጋር እጅግ የተቀራረበ አረር ያለው .308 ዊንቸስተር ግን 3,500 ጁል ገደማ፣ .30-06 ስፕሪንግፊልድ 3,900 ጁል ገደማ፣ .300 ዊንቸስተር ማግነም (ማግነም የሚባለው ከተለመደው የበለጠ ባሩድ የሚይዝ ጥይት ነው) ደግሞ 4,700 ጁል ገደማ ይሰጣሉ። አራቱንም አረሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው በስፋት መለየት ያስቸግራል፤ ጉልበታቸው ግን ከእጥፍ በላይ ይራራቃል።

ስለዚህ መነበብ ያለበት የጥይቱ ሙሉ ስም ነው። «7.62 በ39» ሲባል 39 የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው። በ«.30-06» ውስጥ 30 የኢንች መቶኛ ሲሆን 06 ጥይቱ በአሜሪካ ጦር የተመደበበት 1906 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለ ጉልበቱ የሚናገር አይደለም። የጥይት ስም አወጣጥ አንድ ወጥ ሥርዓት ስለሌለው ቁጥሮቹን እንደ ደረጃ መቁጠር ብዙ ሰው ያሳስታል።

አንዳንድ አገሮች ሕጋቸውን የጻፉት ይህን ተረድተው ነው። ስዊድን ሙስ ለተባለው ግዙፍ የሰሜን እንስሳ አደን የአረሩን ክብደትና በ100 ሜትር ርቀት ላይ የሚቀረውን ጉልበት በአንድነት ትጠይቃለች፦ አረሩ 9 ግራም ከሆነ 2,700 ጁል፣ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ 2,000 ጁል። በዚህ መለኪያ 10 ግራም የሚመዝን አረር ያለው ቀጭኑ 6.5 በ55 ሲያልፍ፣ ከእሱ የሚሰፋው የክላሽ ጥይት ይወድቃል።

«የጦር ሜዳ ጥይት ሰውን ከጣለ እንስሳንም ይጥላል»

ይህ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው፤ ብዙ እንስሳ የሚያሰቃየው እሱ ነውና። የጦር ጥይት አረር ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠ ስለሆነ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ቅርጹን ይዞ ለመቆየት የተሠራ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. የሄግ ስምምነት ሰውነት ውስጥ የሚሰፋ አረር በጦርነት እንዳይሠራበት ከልክሏል፤ የክልከላው ምክንያት እንዲህ ያለው አረር እጅግ ከባድ ቁስል ማድረሱ ነበር። በአደን ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፈጣን ሞት ስቃይን ስለሚያሳጥር አዳኙ የሚፈልገው ሰፍቶ ሰፊ ቁስል የሚከፍት አረር ነው።

ከወደቀ አጋዘን ተቃራኒ ጎን፣ ከቆዳው ሥር ተፈልፍሎ የወጣ የአደን አረር በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ ከመጀመሪያው ስፋቱ እጥፍ ያህል ሆኗል፤ ግርጌው ግን ሳይነካ ቀርቷል። በሳንባው በኩል ያለፈበት መንገድ ጡጫ ያስገባ ነበር። በሌላ ጊዜ በጦር ጥይት የተመታ ድኩላ አግኝተን ነበር፤ መግቢያውም መውጫውም ከእርሳስ ውፍረት አይበልጥም፣ ደሙ በቆዳው ውስጥ ታምቆ ስለቀረ መሬት ላይ ጠብታ አልነበረም። ያገኘነውም በደም ዱካ ሳይሆን አሞራ አይተን ነው።

ከዚህ ደንብ የሚወጡት ዝሆንና ጉማሬ የመሳሰሉት ናቸው። በእነሱ ዘንድ ወፍራሙን ቆዳና አጥንት ዘልቆ መግባት ከመስፋት ስለሚቀድም፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የማይሰፋ ጠንካራ አረር ይመረጣል። ለጎሽ ብዙ አዳኞች የመጀመሪያውን ጥይት የሚሰፋ፣ ተከታዮቹን ጠንካራ አድርገው ያጎርሳሉ።

«ትልቅ ጥይት እንስሳውን ገፍቶ ይጥለዋል»

ፊልም ያሳደገው እምነት ነው፤ በሒሳብ ሲፈተን አይቆምም። የታወቀው .375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም 19.4 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ይተኩሳል። ይህ አረር 700 ኪሎ በሚመዝን ጎሽ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ቢቆም፣ በጎሹ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በሰከንድ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ነው። አረሩ የሚጥል ግፊት ቢኖረው ኖሮ ተኳሹም አብሮ በወደቀ ነበር፤ ወደ ትከሻው የሚመለሰው ግፊት ከዚያ አያንስምና።

እንስሳ የሚወድቀው አንጎሉ ወይም አከርካሪው ሲመታ ወዲያውኑ፣ ልቡ ወይም ሳንባው ሲመታ ደግሞ ደሙ ፈስሶ አንጎሉ አየር ሲያጣ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ይፈልጋል፤ ልቡ የተመታ አጋዘን ሃምሳ ወይም መቶ ሜትር ሮጦ መውደቁ የተለመደ ነው። ስለዚህ «አልወደቀምና ስቼዋለሁ» ብሎ ዱካ ሳይመለከቱ መሄድ ከባድ ጥፋት ነው። አረፋ ያለው ደማቅ ደም ከተገኘ ሳንባ ተመቷል፣ እንስሳውም ሩቅ አይሄድም፤ ጥቁር ደም ከሣር ፍርፋሪ ጋር ከተገኘ ግን አንጀት ተመቷልና ቀኑ ረጅም ይሆናል።

«ካራሞጆ ቤል ዝሆን በትንሽ ጥይት ገድሏል፤ እኛስ?»

ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአፍሪካ ከ1,000 በላይ ዝሆኖችን መግደሉና አብዛኞቹን የጣለው በ7 በ57 ማውዘር መሆኑ እውነት ነው። በእኛ አገር ምንሽር ከሚባለው ከማንሊኸር ወገን የሆነ 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃም ተጠቅሟል። የ7 በ57 ጉልበት 2,700 ጁል አካባቢ ስለሆነ፣ ዛሬ ለዝሆን ከሚፈቀደው ግማሹ ገደማ ነው።

ታሪኩን የሚያወሱ ሰዎች የሚዘሉት ግን ብዙ ነው። ቤል የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ አንጎሉ ከየአቅጣጫው የት እንደሚገኝ አጥንቷል፤ የሚጠቀምበት አረር ረጅም፣ ጠንካራና የማይሰፋ ስለነበር በቀጥታ ይዘልቃል፤ የሚበር ወፍ በጠመንጃ የሚመታ ተኳሽም ነበር። ያደናቸው መንጋዎች ብዙዎቹ የጠመንጃ ድምፅ ገና ያልለመዱ ስለነበሩ ተጠግቶ፣ አቅጣጫ መርጦ፣ ተረጋግቶ ለመተኮስ ጊዜ ያገኝ ነበር። ዛሬ ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ በሃያ እርምጃ ርቀት ከጎሽ ጋር ለሚፋጠጥ ሰው ይህ ሁሉ የለም፤ ጎሹ ፊት ለፊት እየመጣ ሳለ ስለ አጥንት አቀማመጥ ማሰላሰል አይቻልም።

የአያቶቻችን ወሬም ከዚህ አይለይም። ቀረርቶና ፉከራ የወደቀውን ይቆጥራል፤ ቆስሎ ጫካ የገባውንና የትም ወድቆ የቀረውን የቆጠረ ግን የለም። በዚያ ዘመን መሣሪያው ያው ስለነበር ማንንም አልወቅስም፤ ምርጫ ያለን ሰዎች ያን ወሬ ማስረጃ ማድረጋችን ግን ትክክል አይደለም። ዚምባብዌ ለዝሆን፣ ለጎሽና ለጉማሬ ቢያንስ 9.2 ሚሊ ሜትር ስፋትና 5,300 ጁል ጉልበት የምትጠይቀው፣ በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች .375 እንደ ዝቅተኛ ወሰን የሚቆጠረው ለዚሁ ነው።

«እንግዲያው ትልቁ ሁልጊዜ ይሻላል»

ይህም ከእውነት ይርቃል። የ.375 ጠመንጃ ወደ ትከሻ የሚመልሰው ግፊት ከ.30-06 እጥፍ ገደማ ነው፤ የ.458 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ይህን ያልለመደ ተኳሽ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሸሻል፤ በዚህ የተነሳ ለሳንባ የታሰበው አረር ሆድ ላይ ያርፋል። ራሱን መፈተን የሚፈልግ ሰው በተኩስ ልምምድ ሥፍራ ጓደኛው እንዲያጎርስለት ያድርግ፤ ጓደኛውም ሳይነግረው አልፎ አልፎ ጠመንጃውን ባዶ ይስጠው። ምላጩ ቀጭ ብሎ ጥይት ሳይተኮስ ሲቀር አፈሙዙ ወደ መሬት ዘቅ ካለ፣ ተኳሹ ከምቱ ቀድሞ እየሸሸ ነው ማለት ነው። ኩሩ ሰዎች በዚህ ፈተና ሲደነግጡ አይቻለሁ።

ጉልበትንና ልክን ለማስታረቅ በ1905 እ.ኤ.አ. ኦቶ ቦክ የተባለው የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ ያወጣው 9.3 በ62 ጥሩ ማሳያ ነው። 18.5 ግራም አረር በመጠነኛ ፍጥነት ስለሚተኩስ ግፊቱ ይቻላል፤ ዘልቆ የመግባት ችሎታው ግን ከፍ ካሉት ብዙ አያንስም።

«ፈጣን ማግነም ካለኝ መጠጋት አያስፈልገኝም»

በ200 ሜትር ላይ የተስተካከለ .30-06 በ300 ሜትር ላይ ከ20 ሳንቲሜትር በላይ ወርዶ ይመታል፤ እንደ አረሩ ቅርጽም ከጉልበቱ ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ያጣል። ማግነም ይህን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በተለይም የንፋስን ነገር ማንም ጥይት አይፈታውም። የሚሰፋው አረርም ቢሆን የሚሰፋው በቂ ፍጥነት ይዞ ሲደርስ ብቻ ነው።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የሌለ፣ ለመጥፋት የተቃረበ እንስሳ ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። አደኑ የሚፈቀደው ቁጥጥር በሚደረግባቸው ቦታዎች፣ በፈቃድና ላረጁ ወንዶች ብቻ ነው፤ ከእነዚህ አንዱን አቁስሎ ማጣት የማይተካ ጉዳት ነው። ለዚህ እንስሳ ጥሩ የሚሰፋ አረር የጎረሰ .30-06 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ማግነም በ150 ሜትር ላይ በደንብ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማለዳ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ እንግዳ ከገደል ወዲህ ማዶ ገደል ላይ ወደ ቆመ ትልቅ ወንድ ተኮሰ። ርቀቱ 400 ሜትር ያህል ነበር፤ ንፋሱ የአስታውን ቅጠል በአንድ ወገን አስተኝቶት ነበር። መሪያችን እንዲጠጋ ለምኖት ነበር፣ እሱ ግን በጠመንጃው ተማምኖ እንቢ አለ። አስታው ሥር ያገኘነው ደም ጥቁር ነበር፤ የታኘከ ሣር ተቀላቅሎበታል። ሁለት ቀን ሙሉ በጉም ውስጥ በእጅና በጉልበታችን ዱካ ተከተልን፤ በሦስተኛው ቀን ስንደርስበት ጅብ ቀድሞናል፣ የቀረው ቀንዱና የተጎተተው ቆዳ ነበር። የእንግዳው ጠመንጃ .300 ማግነም ነበር።