ጌሚንግ ፒሲ ስንገጣጥም የሚያሸውዱን ወሬዎች እና እውነታው

ብዙ ሰው ብሩን በሙሉ አንድ ዕቃ ላይ ይጨርስና ሌላውን በተረፈችው ይሞላል፣ ከዛ ጌሙ ሲንቀራፈፍ ሻጩን ይሳደባል። አንዳንዴ ሻጩም ይገባዋል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የነዚህ ወሬዎች ነው።

«ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ሁሉንም ጌም ያጫውታል»

አይ ሰቨን የሚለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ከ2008 ጀምሮ አለ፣ ስለዚ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ ከጎኑ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ ሰቨን 2600 የ2011 ነው፣ አይ ስሪ 12100 ደሞ የ2022፣ ሁለቱም 4 ኮር (ሥራውን የሚሰሩት ክፍሎች) 8 ትሬድ (ባንዴ የሚያስኬዷቸው ሥራዎች) ናቸው ግን ጌም ላይ አይ ስሪው በሰፊው ይበልጠዋል፣ የአንዱ ኮር ጉልበት በነዛ አመታት በጣም ጨምሯላ። ሻጩ «አይ ሰቨን» ብሎ ዝም ካለ ስንተኛ ጄኔሬሽን በሉት። የኮር ብዛትም ብቻውን አይበቃም፤ የኤኤምዲው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ያለው 8 ኮር ነው ግን አብዛኛው ጌም ላይ ባለ 16 ኮሩን 5950ኤክስ ይቀድመዋል፣ 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ሚሞሪ) ስላለው ለዳታ ቶሎ ቶሎ ወደ ራም አይመላለስም።

«ግራፊክስ ካርዱ ስንት ጊጋ ነው?»

ጥያቄው መጥፎ አይደለም፣ መጀመሪያ መጠየቁ ነው ችግሩ። ጂቲ 730 የሚባል ካርድ ባለ 4 ጊጋ አለ፣ ለአዳዲስ ጌም ግን አይረባም። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ አለ፣ 3060 ቲአይ 8 ጊጋ ነው፣ ፈጣኑ ግን ቲአይው ነው። ጊጋው (የካርዱ የራሱ ሚሞሪ) የሚያስፈልገው ቴክስቸር፣ ማለትም የዕቃዎቹን ገጽታ ጥራት ከፍ ስታደርጉ ነው፣ ካነሰ ጌሙ መንተባተብ ይጀምራል።

«ቦትልኔክ ዜሮ መሆን አለበት»

ቦትልኔክ ማለት አንዱ ዕቃ ቀድሞ ደክሞ ሌላውን ሲያስጠብቅ ነው፤ ዜሮ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሌም ቀድሞ የሚደክም አንድ ዕቃ አለ። የቱ እንደሆነ የሚወስነው ጌሙና ስክሪኑ ነው፤ ካውንተር ስትራይክ 2 ወይ ቫሎራንት በ1080ፒ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩን ነው የሚያደክመው፣ ከባድ ጌም በ4ኬ ስትጫወቱ ደሞ ያው ፒሲ ላይ ግራፊክስ ካርዱ ነው ላብ በላብ የሚሆነው። ስለዚ «15 ፐርሰንት ቦትልኔክ» ብለው ቁጥር የሚሰጡት ድረገጾች ምን ጌም እንደምትጫወቱ ሳያውቁ ነው የሚፈርዱት፣ አትስሟቸው። ራሳችሁ ሞክሩት፦ ጌሙ ውስጥ ሪዞሉሽኑን ቀንሱ፣ ኤፍፒኤሱ (በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት) ከጨመረ ወጥሮ የያዛችሁ ካርዱ ነበር፣ ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው ማለት ነው (ኤፍፒኤሱን በስክሪኑ ልክ የሚገድበው ቪሲንክ መጥፋቱን ግን ቼክ አድርጉ)። ደሞ ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 40 ፐርሰንት ነው ብላችሁ አትሸወዱ፣ እሱ የሁሉም ኮር አማካይ ነው፣ አንዱ ኮር 100 ገብቶ ሌሎቹ ተኝተው ሊሆን ይችላል።

«የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝተህ ካርድ መሰካት ነው»

እኛ ጋ ይሄ መንገድ የተለመደ ነው፣ ያገለገለ ኦፕቲፕሌክስ (የዴል የቢሮ ዴስክቶፕ) በደህና ዋጋ ይገኛል፣ ሀሳቡም ክፉ አይደለም። ግን ሳትገዙ ከፍታችሁ እዩት። ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው፣ ወደ ካርዱ የሚሄድ ባለ 6 ፒን ገመድም አብዛኞቹ ላይ የለም፣ ስለዚ ከማዘርቦርዱ ስሎት ብቻ የሚጠጣ፣ እስከ 75 ዋት የሆነ ካርድ ነው የሚያዋጣው፣ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ፣ እሱም ቢሆን ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቅ ሞዴል ስላለው ለዩ። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ደሞ አጭሩ ሎው ፕሮፋይል ካልሆነ አይገባም። ፓወሩን እቀይራለሁ ካላችሁ ብዙዎቹ ኦፕቲፕሌክሶች የተለመደውን ባለ 24 ፒን የማዘርቦርድ ገመድ ስለማይጠቀሙ አዳፕተር ፍለጋ ትገባላችሁ። የሳታ ገመድን በአዳፕተር ወደ 6 ፒን መቀየር ግን ይቅርባችሁ፣ ገመዱ ለዛ ያህል ኃይል አልተሰራም፣ ሊቀልጥ ይችላል። አርኤክስ 6400 የሚባለው ካርድ ስሎቱ ይበቃዋል፣ ሆኖም የሚጠቀመው 4 ሌን (ዳታ የሚያልፍበት መስመር) ብቻ ስለሆነ ስሎታቸው የቆየው ፒሲአይ 3 በሆነ እነዚህ አሮጌ ማሽኖች ላይ አንዳንድ ጌም ላይ ይጎተታል።

«ትልቅ ፓወር ሰፕላይ መብራት ይበላል»

አይበላም፣ 850 ዋት ያለው ፒሲው 300 ከፈለገ 300ውንና ትንሽ ብክነት ነው ከግድግዳ የሚስበው። ይልቅ ስቲከሩ ላይ የ12 ቮልቱን አምፔር እዩ። 500 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ ጋ 20 አምፔር ከተጻፈ 12 ሲባዛ በ20፣ 240 ዋት ነው፣ ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚኖሩት በዛች ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቮልቴጁ በሚዘልበት ቤት እዚ ላይ ሳንቲም መቆጠብ ለኔ እብደት ነው፣ ርካሹ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።

የቀሩት ቶሎ ቶሎ፦ ባለ 16 ጊጋ አንድ ራም ከሁለት ባለ 8 ጋ እኩል አይደለም፣ ሁለቱ በዱዋል ቻናል፣ ማለትም በሁለት መንገድ ባንዴ ይሰራሉ፣ በተለይ ያለ ካርድ፣ ግራፊክሱ ውስጡ ባለው እንደ 5600ጂ ባለ ፕሮሰሰር ለሚጫወት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። 3200 ተብሎ የተሸጠ ራም ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብታችሁ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ኤክስኤምፒ ካላበራችሁ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይ በ2666 ነው የሚሄደው። ኤስኤስዲ ጌሙን ቶሎ ይከፍታል እንጂ ኤፍፒኤስ አይጨምርም። 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ምስል የሚያሳይ) ሞኒተር የገዛ ሰውም ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ካልቀየረው በ60 ሊሰራለት ይችላል፣ የሞኒተሩን ኬብል ካርዱን ትቶ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ «ካርዱ አይሰራም» የሚለውንማ ተዉት።