ሰንጠረዥ፦ ተራ ሳይጠበቅ የሚጀመረው የኛ ቼዝ

ሰንጠረዥ ሲባል ዛሬ ሰው የሚያስበው የደመወዝ እርከን ወይ የዋጋ ዝርዝር ነው። በረድፍና በዓምድ የተሰመረ ወረቀት። ግን ሰንጠረዥ የድሮው የኛ ቼዝ ስም ነው። ስሙ ፋርሶችና ዐረቦች ሻትራንጅ ከሚሉት ጋር አንድ ነው፤ ጨዋታው ከሕንድ ተነሥቶ በነሱ በኩል ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ፣ እዚህ ሲደርስ ደግሞ የራሱን ጠባይ አወጣ።

እዚህ የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዳማ በቆርኪ የሚጫወቱ ጎረቤቶች አሉ። ከነሱ ጎን እኔና አንድ ጓደኛዬ ሰንጠረዥ መጫወት ከጀመርን ቆይተናል። ጠያቂው ስለበዛ ሕጉን አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ታሪኩን ባጭሩ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ቼዝ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ትግራይ ሲደርስ ራስ ወልደ ሥላሴ ከሹማምንታቸው ጋር ሲጫወቱ አይቷል። የመኳንንትና የቤተ መንግሥት ጨዋታ ነበር። ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ እየጠፋ ሄደ። ሕጉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የተጻፈልን በፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሳቸው ባይደክሙበት ዛሬ ቁጭ ብለን የምንጫወተው ነገር አይኖርም ነበር።

ገበታው እንደ ዘመናዊው ቼዝ 64 ቤት አለው፣ 8 በ8። ግን ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ድሮ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ ነበር የሚሠራው። እኛም እንደዛ ነው ያደረግነው። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቀይ ጨርቅ ወስደን ሰባት ጥቁር ጥብጣብ ወደ ጎን፣ ሰባት ወደ ታች አሰፋን። ልብስ ሰፊው «ለአልጋ ነው ለጠረጴዛ?» ብሎ ጠየቀን። ገበታው ይጠቀለላል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ታክሲ ውስጥም ጭን ላይ ይዘረጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋች በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የፈለገውን ያህል ይንቀሳቀሳል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። እኔ ሦስት መደቅ (ወታደር) ስገፋ ጓደኛዬ ፈረሱን ያወጣል፣ ፈረሱን ሳይ እኔ ሐሳቤን ቀይሬ ያንዱን መደቅ ቦታ አስተካክላለሁ፣ እሱ ያንን አይቶ ፈረሱን መልሶ ያስገባል፣ እጅና እጅ እየተጋጨ እንዲህ ይቀጥላል። ወረራው የሚያበቃው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተራ በተራ ነው፣ እንደማንኛውም ቼዝ።

የዳማ ሰዎቹ መጀመሪያ ሲያዩን «ኧረ ተራ ይኑራችሁ!» ብለው ነበር። አንደኛው ጋሼ እንደውም ተጣላን ብለው ሊገላግሉን ተነሡ። ግን ትርምስ አይደለም። ወረራ ማለት ጦር ማሰለፍ ነው። ቀድሞ የበላ ሰው ቶሎ ጥቅም ያገኘ ይመስለዋል፤ ሰልፉን ሳያስተካክል ከበላ ግን ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እየተራመደ ማስተካከል አለበት፣ የተዘጋጀው ባላጋራ ደግሞ አይጠብቀውም። ስለዚህ ዐይን ከገበታው አይነሣም። የራስህን ጠጠር እያንቀሳቀስክ የሱን እጅ ታያለህ። ዘመናዊው ቼዝ ላይ የመክፈቻ አካሄድ በቃሉ የያዘ ሰው እዚህ ያ ሁሉ አይጠቅመውም፣ ለኔ የጨዋታው ትልቁ ውበት ይሄ ነው።

ጠጠሮቹ። ንጉሥ እንደምታውቁት ነው፣ አንድ ቤት በየትኛውም አቅጣጫ። ፈረስም ያው ፈረስ ነው። ግንብ የምንለው ደር ይባላል፣ ቀጥ ብሎ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። ወታደሩ መደቅ ነው፤ ወደፊት አንድ ቤት ብቻ፣ ሲጀምርም ሁለት ቤት አይዘልም፣ የሚበላው በሰያፍ ነው። ጫፍ ሲደርስ እኛ ጋ ፈርዝ ይሆናል። ንጉሥና ደር ቦታ የሚለዋወጡበት ነገር የለም።

ልዩነቱ ያለው ፈርዝና ፊል ላይ ነው። ፈርዝ የሚቆመው በንግሥት ቦታ ነው፣ ግን ንግሥት አይደለም፣ የንጉሡ አማካሪ ነው። በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ቼዝ ለለመደ ሰው ይሄ ከባድ ነው። እጁ ሳያውቀው ከጫፍ ጫፍ ይወስደዋል። እኛ የፕላስቲኩን ንግሥት አውጥተን በቦታው የአምቦ ውሃ ቆርኪ አስቀመጥን፣ ስሕተቱም ቆመ። ለነገሩ የተለወጠው የአውሮፓው ቼዝ ነው። ንግሥት እንዲህ ጉልበተኛ የሆነችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። የኛው በድሮው ጸና።

ፊል ዝሆን ማለት ነው፣ ሳባም ይሉታል። የሚቆመው በጳጳስ ቦታ ነው። በሰያፍ በትክክል ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል፣ መሐል ላይ ማንም ቢቆም ዘሎት ያልፋል፣ አንድ ቤት ግን መራመድ አይችልም። አንድ ፊል ከ64ቱ ቤት ሊረግጥ የሚችለው 8 ብቻ ነው። እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጠሩት። አራቱም ፊሎች የየራሳቸው 8 ቤት አላቸው፣ አንዱ የሌላውን ቤት በጭራሽ አይነካም። ስለዚህ ፊልን ፊል ሊበላው አይችልም። 32 ቤት ደግሞ የትኛውም ፊል የማይደርስበት ነው። ገበታው ቀለም ስለሌለው ይህን በጭንቅላታችሁ መያዝ አለባችሁ። ጓደኛዬ ንጉሡን ፊሌ በማይረግጠው ቤት አስቀምጦ ሲረጋጋ አይቼ ነው እኔ መቁጠር የጀመርኩት።

አሰላለፉ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ንጉሥ ከመሐል በስተቀኝ ይቆማል፣ ፈርዝ በግራው። ለሁለቱም ተጫዋች በየራሱ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ ንጉሥ ከንጉሥ ፊት ለፊት አይተያይም፣ ፊት ለፊቱ የባላጋራው ፈርዝ ነው ያለው። ሁለቱ ፈርዞችም አንድ ዓይነት ሰያፍ ላይ ስለሚውሉ መሐል ሜዳ ላይ ተገናኝተው ሊበላሉ ይችላሉ።

ማሸነፍ ንጉሡን መውጫ ማሳጣት ነው፣ ቼክ ሜት። ግን በምን አሸነፍክ የሚለው ይታያል። በደር ወይም በፈረስ የገደለ አሸንፏል፣ ምስጋና ግን የለውም። በፈርዝ ወይም በፊል የገደለ ይከበራል። በመደቅ የገደለ፣ በተለይ መደቆቹን አስተባብሮ ከሆነ፣ ትልቅ ጨዋታ ተጫወተ ይባላል። ተመልካች መናገርም ነውር አይደለም። ድሮም ሹማምንቱ ጮክ ብለው ይመክሩ ነበር፣ የኛዎቹ የዳማ ሰዎች ይህን ሕግ ማንም ሳይነግራቸው ነው የጀመሩት።

ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ንጉሥ ጥግ ላይ ነበር። ደሬን አንድ ጊዜ ባንቀሳቅሰው ያልቅ ነበር። እጄን ስዘረጋ ጋሼ ከኋላዬ «ተው፣ ያቺን ትንሿን ጠብቃት» አሉኝ። መደቋ ንጉሡን ለመያዝ ሁለት ቤት ይቀራት ነበር። ደሩን መውጫው ላይ እንደዘጋ ተውኩትና መደቋን ገፋሁ፣ እሱ ንጉሡን ወዲያ ወዲህ አለ፣ መደቋን ደግሜ ገፋሁ። በሰያፍ ያዘችው። ጋሼ ዳማቸውን ትተው ቀዩ ጨርቅ ላይ ጎንበስ አሉና መደቋን አንሥተው አገላብጠው አዩዋት።